ከባቲ ተነስታ ኦምዱርማን

ሱዳን አገር፣ ጀብራ የሚባል ሰፈር ውስጥ ልብስ ስሰፋ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ዋሽንት ማስተማሩ የዓርብ ከሰዓት ሥራዬ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሰው ለምኖኝ እንጂ ፈልጌ አይደለም። ስሜ ሙሐመድአወል ይባላል። ትዕግሥት የለኝም፤ ይህን ተማሪዎቼ ሁሉ ይመሰክራሉ።

ሰፋን መጀመሪያ ያስተማርኳት በዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር። እናቷ ራሺዳ እንደኔው የባቲ ልጅ ናት፤ አባቷ ፈድለላ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሱዳናዊ፣ የኦምዱርማን ሰው ነበር። ልጅቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ነፋች፤ አንዲት ዜማ እንኳ ከዳር አላደረሰችም። አባቷ ሲሞት ዋሽንቱም ቀረ። እውነቱን ለመናገር እፎይ ብያለሁ።

ዘንድሮ ረመዳን በተፈታ በሳምንቱ ግን ሱቄ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ሠላሳ ዓመት ሞልቷታል፤ ሰፈራችን ካለው ሰይደሊያ መድኃኒት ትሸጣለች።

«ዓሚ አወል፣ እንደገና አስተምረኝ» አለችኝ። «ዓሚ»፣ አጎቴ፣ ትበለኝ እንጂ «አንተ» ነው የምትለኝ፤ እዚህ ያደጉ ልጆች አንቱታን ከየት ያመጡታል?

«አሁን ምን ትዝ ብሎሽ?»

«ዩማ» አለች፣ እናቷን ማለቷ ነው፣ «ወደ አገሯ ልትገባ ነው። ኻሊ በሽር ባቲ ቤት ሠርቶላታል። ሁለት ጊዜ ቲኬት ቆርጣ ሁለት ጊዜ ተወችው። አንዴ ጉልበቴን አመመኝ አለች፣ አንዴ ሙቀቱ ይለፍ አለች። ወላሂ ውሸቷን ነው! እኔን ትታ መሄድ ነው ያቃታት። እኔ ከሄድኩ አገሩም አማርኛውም ከልጄ ላይ ይጠፋል ትላለች። ስለዚህ የኻሊ በሽርን ዜማ ልማርላት። ልቧ ይረፍ።»

በሽር የራሺዳ ታላቅ ወንድም ነው፤ እሱም ዋሽንት ነፊ ነው። እህቱ ወደ ሱዳን የተነሳች ዕለት፣ ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት፣ ሲሸኛት የነፋላትን ዜማ ነው የምትለኝ። ሰሞኑን ነፍቶ የላከውን በስልኳ አሰማችኝ። የባቲ ቅኝት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ቀላል ግን አይደለም። ልቤ ራራላት።

«ለአረፋ ትደርሻለሽ ኢንሻአላህ» አልኳት። አላመንኩበትም።

ታዲያ ጉድ መጣ። ድሮ በስድስት ወር ያልገባት በሁለት ዓርብ ገባት። ጣቶቿ ቀዳዳዎቹን ሳታያቸው ያገኟቸው ጀመር፤ ትንፋሿም ረዘመ። የቀረባት አንድ ችግር ብቻ ነበር። የእኛም የሱዳንም ዘፈን በአምስት ድምፅ ነው የሚሄደው፤ ሰፋ ደግሞ በአባቷ ዘመዶች ሠርግ ያደገች ናት። ዜማው ከፍ ብሎ የሚወርድበት ቦታ ስትደርስ ሳታውቀው ወደ ሠርግ ቤቱ ዘፈን ትታጠፋለች። ከባቲ ተነስታ ኦምዱርማን ትደርሳለች። «ተመለሺ!» እላታለሁ መስፊያ ጠረጴዛዬን እየመታሁ። በዚያ ቀን አትመለስም። በሚቀጥለው ዓርብ ግን ያቺ ቦታ ተቃንታ ትመጣለች።

ልቤ አበጠ። ለጎረቤቴ ለሂሻም አወራሁ፣ ለፉል ሻጩ አወራሁ፣ ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣው ሁሉ አወራሁ። «ጥሩ አስተማሪ ያስቀመጠው አይጠፋም፤ ዐሥራ አራት ዓመት ተኝቶ ነበር እንጂ» እያልኩ ራሴን በራሴ አሞገስኩ።

ከዚያ አንድ ዓርብ መጣችና ነገሩ ሁሉ ተበላሽቶ አገኘሁት። ቀጥታ ኦምዱርማን። ደግማ ኦምዱርማን።

«አልተለማመድሽም!»

«ወላሂ በየቀኑ ተለማምጃለሁ! እንዲያውም ዩማ ስለሌለች ቤቱ ጸጥ ብሎልኛል።»

ራሺዳ አል-ጣኢፍ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ነው የምትሠራው። አሠሪዎቿ እንግዳ ስለበዛባቸው ሳምንቱን እዚያው እያደረች ነበር። እኔ ግን ሰምቼ አልሰማሁም፤ ልጅቱን ተቆጥቼ ሰደድኳት። በሚቀጥለው ዓርብ እናትዮዋ ተመልሳ ነበር፤ ዜማውም አብሯት ተመለሰ።

ነገሩ ከነከነኝ። ሰኞ ዐሥር ሰዓት ላይ ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። የሆሹ፣ የግቢያቸው በር ገርበብ ብሏል። ሰፋ ክፍሏ ውስጥ ትነፋለች፤ ራሺዳ ግቢው ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታኝ ልብስ ታጥባለች። ሰፋ ያቺ ክፉ ቦታ ደረሰች። ልትታጠፍ ስትል ራሺዳ ልብሱን እያሸች ዜማውን በጉሮሮዋ አንጎራጎረች። ዋሽንቱ ድምፁን ተከትሎ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ እንዲሁ ሆነ፤ አንዳቸውም አላስተዋሉም።

እዚያው በሩ ላይ ሳቄም ዕንባዬም አብረው መጡ። ወር ተኩል ሙሉ የኮራሁባት ተማሪ የኔ አልነበረችም።

ዝም ብል ምን ነበረበት? ምላስ አጥንት የለውም፤ አጥንት ግን ይሰብራል። ዘው ብዬ ገባሁና «እታለም፣ አስተማሪዋ ለካ አንቺ ነሽ! አንቺ ስታንጎራጉሪ ትቃናለች፤ አንቺ ከሌለሽ ጠፋች ማለት ነው!» ብዬ አፌ እንዳመጣ ተናገርኩ።

ራሺዳ እጇን ከሳሙናው አወጣች። ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ ነበር። ያስደነገጠኝም ደስታው ነው።

«አላልኩም?» አለች። «ይቺ ልጅ ያለኔ አትሆንም አላልኩም? ኻላስ፣ በቃ፣ ዘንድሮ አልሄድም። በሽር ይጠብቀኛል።»

ሰፋ ዋሽንቷን እንደያዘች የክፍሏ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። አየችኝ። እንዲያ ያለ አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም።

በማግሥቱ ከሥራ በቀጥታ በረክሻ ባጃጅ ሱቄ ድረስ መጣች።

«ያበላሸኸውን አስተካክል» አለችኝ። «ከእንግዲህ ቤት አልለማመድም፤ እዚህ ነው። አንተም አታንጎራጉር፣ አትቆጣ፣ ጠረጴዛ አትምታ። ራሴ ስቼ ራሴ ልመለስ።»

ጥፋቱ የኔ ነው። ዐሥራ ስምንት ቀን ሙሉ እሷ ከስፌት መኪናው ጀርባ ተቀምጣ ስትነፋ እኔ አፌን ዘግቼ ሱሪ አሳጠርኩ። ስትታጠፍ ምላሴን ነከስኩ። መጀመሪያ ሳታውቀው ትሄድ ነበር፤ ቀጥሎ ከሄደች በኋላ ታውቀው ጀመር፤ በመጨረሻ መታጠፊያው ላይ ቆም ብላ መንገዷን ትይዝ ጀመር። እንዲህ ቶሎ የተማረ ሰው አላየሁም፤ እኔ ያስተማርኳትም ነገር አልነበረም። ወደድኳት፤ እንደ ልጄ ወደድኳት።

የአረፋ ዋዜማ ጠራችኝ። ሆሹ ውስጥ ወንበር ተደርጎልኝ ተቀመጥኩ። ራሺዳ ፊት ለፊቴ አልጋ ላይ ነበረች። ሰፋ «ዩማ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ዝም ብለሽ ስሚኝ» አለችና ዋሽንቱን አነሳች።

ጀመረች። ያ ቦታ ሲቃረብ የራሺዳ ጉሮሮ ሲንቀሳቀስ አየሁ። የተከናነበችውን ቶብ ጫፍ አጣጥፋ አፏ ላይ ያዘችው። አላንጎራጎረችም። ሰፋ ከፍ አለች፣ ጥቂት ቆየች፣ ወረደች፤ ልክ በሽር እንደሚወርደው። ዜማውን እስከ መጨረሻው ብቻዋን አደረሰችው።

ራሺዳ ቶቧን ከአፏ ስታነሳ ጫፉ ርሶ ነበር።

«ተቃንቷል» አለች። «ማሻአላህ፣ ተቃንቷል። እንግዲህ ለበሽር ደውዪለት። ትመጣለች በዪው።»

ሰፋ ዋሽንቱን አስቀምጣ እናቷ ጭን ላይ ተደፋች፤ ሠላሳ ዓመት የሞላት ሴት መሆኗን ረስታ ተንሰቀሰቀች። ራሺዳ ፀጉሯን እየዳበሰች «አንቺ ሞኝ» አለቻት። «እንዲህ ከምትሆኚ አንዴ ብትስቺ ኖሮ እኮ አልሄድም ነበር።»

«አውቃለሁ ዩማ» አለች ሰፋ። «ለዚያ ነው ያልሳትኩት።»