የላቀች ገብስና «የአመድ ዘመን ሁለት»

«ወገኖቼ፣ ዓለም አልቃለች፤ ጨዋታው ግን ገና መጀመሩ ነው!» አለ እንየው፣ አፉን ወደ ስልኩ መቅረጫ አስጠግቶ። ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ጠዋት ግን ታሞ ነበር። ለአባቱ እንደዚያ ብሏቸው ነበር ማለት ነው። አቶ ይስማው በሩ ላይ ቆመው «ተነስ እንጂ፣ ወንፈሉ ዛሬ ላቀች ዘንድ ነው» ሲሉት ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣ «አባባ፣ ሌሊቱን ሲያንቀጠቅጠኝ ነው ያደረው» አላቸው። አቶ ይስማው እጃቸውን ግንባሩ ላይ ጫኑ። ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ውስጥ አቅፎ ስላደረ ግንባሩ እውነትም ግሏል።

«እግዜር ይማርህ። በል ተኛ፤ እኔ እሄዳለሁ» አሉና ማጭዱን አነሱ።

ወገባቸው ከተያዘ ዓመት አልፎታል። ጎንበስ ካሉ ቀና ለማለት ደጋፊ ይሻሉ። ግን ላቀች ባሏ ከሞተ ወዲህ እንደ ወንዱ ማጭድ ይዛ የሁሉንም ማሳ ስትዞር የከረመች ሴት ናት፤ ባለፈው ሳምንት የእነሱን ስንዴ ስታጭድ ውላለች። በእሷ የወንፈል ተራ ከይስማው ቤት ሰው ከጠፋ በንፋስ መውጫ ዙሪያ የማይሰማው አይኖርም። ደግሞ የኅዳር ሰማይ ያለ ወጉ ጠቁሯል። የደረሰ ገብስ ዝናብ ከመታው ማሳው ላይ ይበቅላል።

እንየው ይህን ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን «የአመድ ዘመን ሁለት» የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ከባሕር ዳር በሃርድ ዲስክ ተገልብጦ የደረሰው ትናንት ማታ ነበር፤ ለቴሌግራም ተከታዮቹም የመጀመሪያ አስተያየቱን ዛሬ እንደሚለቅ ቃል ገብቷል። ቃል የገባ ሰው ደግሞ ቃሉን መጠበቅ አለበት፤ አይደል?

«ፊተኛውን ክፍል የተጫወታችሁ ታስታውሳላችሁ» አለ ቀጠለና። «አመድና ባዶ ከተማ ብቻ ነበር። አሁን በፍርስራሹ ላይ ሣር በቅሏል። ንፋሱ ሲያፏጭ ይሰማችኋል። ተኩሱ ተሻሽሏል፤ መኪናው ግን አሁንም እንደ ጋሪ ነው። አንድ ያልተዋጠልኝ ነገር አለ። ጀግናችን ቆስሎ አንድ መንደር ሲገባ ሰዎቹ ማን ነህ እንኳ ሳይሉት ውሃቸውን ያጠጡታል፣ እየተፈራረቁ ያስታምሙታል። ራሳቸው የሚበሉት ያጡ ሰዎች! ይሄ የማይመስል ነገር ነው። ጸሐፊዎቹ እዚህ ጋ ሰንፈዋል። እኔማ መድኃኒታቸውን ጠቅልዬ ወጣሁ!» ብሎ ሳቀ።

ውሻው ጮኸ። እንየው በመስኮቱ ቀዳዳ ሲያይ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ወንፈሉ በሙሉ ወደ ግቢው እየገባ ነበር። ሰዎቹ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አንግተዋል፤ ልብሳቸው ላይ ገለባ አለ። ላቀች በጨርቅ የተሸፈነ ቂጣ በሳህን ይዛለች። የመንደሩ ካህን ቄስ ቢሆነኝ በእጃቸው አንድ ሃይላንድ ጠበል ይዘዋል። ከሁሉም ኋላ አባቱ፣ በጎረቤታቸው በደሴ ክንድ ተደግፈው ይመጣሉ። ይህን እንዴት ሳያስብ ቀረ? በዚህ አገር ታመምኩ ያለ ሰው ሳይጠየቅ አይመሽለትም።

ላፕቶፑን ከደነ፣ ትራሱ ስር ወሸቀ፣ ተጋደመ።

«እኔን ያርገኝ የኔ ልጅ!» አለች ላቀች ከሁሉ ቀድማ ገብታ። አንገቱ ላይ የቀረውን ማዳመጫ አየችና በቀስታ አወለቀችለት። «ይሄ ነገር ጭንቅላት ላይ እየጠበቀ ነው እኮ የሚያማችሁ።»

ማጭዶቹ በሩ ላይ ተደረደሩ። እያንዳንዱ እየገባ «እግዜር ይማርህ» አለው። እንየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አይዞህ፣ አባትህ ተራህን ይዘውልህ ዋሉ» አለ ደሴ። «ይተዉ ብንላቸው እምቢ አሉ። ኋላማ ቆሞ ማጨዱ ሲያቅታቸው ተቀምጠው ያጭዱ ጀመር።»

«ተው ደሴ፣ የታመመ ሰው አታስጨንቅ» አሉ አቶ ይስማው።

«ለገብሱ ደግሞ አትጨነቅ» አለች ላቀች። «ከወይራው ስር ያለችው ትንሿ ማሳ ናት የቀረችው። ዝናቡ ካዘነልኝ ነገ እጨርሳታለሁ።»

እንየው አፈረ። ጆሮው እስኪግል አፈረ። ጠዋት በውሸት ያመመው ሁሉ አሁን በእውነት የመጣበት መሰለው።

ቄስ ቢሆነኝ የሃይላንዱን ክዳን ከፈቱ። ሰዎቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። ላቀች ዓይኗን ጨፍና «አደራህን አምላኬ፣ የአባቱን ደካማነት እይ» እያለች ማልቀስ ጀመረች። ቄሱ ጠበሉን በእፍኛቸው ቀድተው «በስመ አብ…» ሲሉ እንየው ብድግ አለ።

«አባ፣ አይርጩኝ።»

«ለምን ልጄ? ይበርድሃል እንዴ?»

«አልታመምኩም። ጠዋትም አላመመኝም። የኮምፒውተር ጨዋታ ስጫወት ነው የዋልኩት።»

ደሴ ጣሪያውን አየ። አቶ ይስማው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። ለካ ከልጁ ይልቅ አባቱ አፍረው ኖሯል።

«እሰይ!» አለች ላቀች እንባዋን እየጠረገች። «ተመስገን! እኔማ አንዱ ክፉ በሽታ ያዘው ብዬ ነፍሴ ወጥታ ነበር።» ቂጣውን ከነሳህኑ አጠገቡ አስቀመጠችለት። ብትረግመው ይሻለው ነበር።

ቄስ ቢሆነኝ እፍኛቸው ውስጥ ያለውን ጠበል ለጥቂት ጊዜ አዩት። ከዚያ ዞር ብለው «አቶ ይስማው፣ እስቲ ይቅረቡ። ወገብዎን» አሉ።

አቶ ይስማው በደሴ ተደግፈው ሲጎነብሱ እንየው ከአልጋው ወረደና ጫማውን አጠለቀ። ቂጣውን አልነካውም። በሩ ላይ ከተደረደሩት ማጭዶች የአባቱን፣ እጀታው በጨርቅ የተጠመጠመውን፣ መረጠ። ጀምበር ልትጠልቅ ተቃርባለች፤ ደመናው ከጉና ተራራ እየወረደ ነው።

«ይመሻል እኮ፣ ነገ ይደርሳል!» አለች ላቀች።

«አባባ» አለ እንየው፣ ወደ አባቱ ቀና ብሎ ማየት አቅቶት፣ «የቀረው ከየት ጀምሮ ነው?»

አቶ ይስማው ጠበሉ ከጀርባቸው እየተንጠባጠበ በደሴ ክንድ ቀና አሉ።

«የተቀመጥኩበት ላይ ገለባው ተደፍጥጧል» አሉ። «ከዚያ ጀምር።»