ለሁለት ሰው አንድ ማርክ

ድንቡሼ በመመረቂያ ፈተናዋ ቀን ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ራሱ ፈገግ እያለች ነበር። ፈገግታው ግን የደግ ሰው አልነበረም።

የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የመመረቂያ ፕሮጀክቷን የሠራችው ቦሱ ከሚሉት ልጅ ጋር ነው። አብረው ሠሩ ማለት እንግዲህ እሷ ሠራች፣ እሱ ወንበር አሞቀ። ሥራው ክሊኒክ ውስጥ ቀጠሮ የሚይዝ ሲስተም ነው። ካርድ ክፍል ድረስ ሄዳ ሠራተኞቹን ስትጠይቅ የዋለችው እሷ፣ ኮዱን ዓይኗ እስኪቀላ የጻፈችው እሷ። ለቦሱ የቡድን ሥራ ማለት "የት ደረስሽ?" ብሎ መደወል ነበር።

ይሄ እንኳን ብዙም አላናደዳትም። ያናደዳት በቀደም አማካሪያቸው ቢሮ በር ላይ ቆማ በገዛ ጆሮዋ የሰማችው ነው።

"ሁሉንም ብቻዬን ነው የሠራሁት ቲቸር" ይላል ቦሱ፣ ድምፁን አለስልሶ። "እሷ የገጾቹን ቀለም ነው የነካካችው። ግን ታሳዝነኛለች፣ አብራኝ ትለፍ።"

ታሳዝነኛለች! ደሟ ፈላ። ገብታ ልታንቀው ምንም አልቀራት። ቆይ አንተ፣ አለች በሆዷ፣ ቆይ ብቻ።

በእነሱ ትምህርት ክፍል ማርኩ ለቡድኑ አንድ ነው፤ ማለፉም መውደቁም አብሮ ነው። ደግሞ ፈታኞቹ ገለጻ ሰምተው ብቻ አይለቁም። ሲስተሙ ላይ የሆነ ነገር እዚያው ፊታቸው አስቀይረው ያያሉ። እሷ ከቀየረችው ቦሱ ጀርባዋ ላይ ተንጠልጥሎ ይመረቃል። ዝም ካለች አብራው ትወድቃለች። እናቷ ደግሞ የምርቃት ቀሚሷን አሰፍታ ቁም ሳጥን ላይ ሰቅላዋለች።

የፈተናው ሰዓት ደረሰ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መነጽራቸውን አስተካክለው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አነበቡ። "ከዚህ የሚመረቅ ተማሪ ችግር ይፈታል፣ በቡድን ይሠራል፣ የሠራውን ለማንም ያስረዳል፣ በሙያው ይታመናል። በሉ እስቲ እንያችሁ።"

ቦሱ በከረባት ሆኖ ገለጻውን ለቀቀው። አፍ እንኳን አለው።

"ጥሩ" አሉት ኃላፊዋ። "አሁን አንድ ሐኪም ጋ በተመሳሳይ ሰዓት ለሁለት ሰው ቀጠሮ እንዳይያዝ አድርግልኝ።"

ቦሱ ኮዱን የሰው ቤት ገብቶ መብራት ማብሪያው እንደጠፋበት ሰው ያየው ጀመር። ማውሱን ወዲህ አለው፣ ወዲያ አለው። ከዚያ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ "ድንቡሼዬ፣ በናትሽ!" አለ።

"ምን ላድርግህ ቦስ? እኔ እኮ ቀለም ነካኪ ነኝ" አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ። አማካሪያቸው ጉሮሮውን ጠረገ።

"አንቺስ የኔ ልጅ? ትችያለሽ?" አሏት ኃላፊዋ።

ትችላለች። እጇን እየበላት ነው። ቀሚሱ ዓይኗ ላይ መጣ። ቀና ስትል ግን ቦሱ ከወዲሁ ተገላግሎ ፈገግ ብሏል። ያቺ ፈገግታ ነገሩን ጨረሰችው።

"ዶክተር፣ ሁሉንም ብቻዬን ሠራሁ ብሏል። እኔን ስለ ቀለሙ ይጠይቁኝ።" ሳትጠየቅም ጀመረችው። የተሰረዘ ቀጠሮ ለምን ቀይ እንደሆነ፣ ሰማያዊው ለምን ፈዘዝ እንዳለ፣ አንድ በአንድ። የቦሱ ላብ በከረባቱ ላይ ጠብ ጠብ ሲል እያየች አወራችው።

ኃላፊዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ሁለታችሁም ወድቃችኋል። እሱ አይችልም፣ አንቺ ደግሞ እየቻልሽ እንቢ አልሽ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ትደግማላችሁ። ቡድኑ አይቀየርም።"

እናቷ ነገሩን ስትሰማ ቀሚሱን በላስቲክ ሸፍና ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰችው። ድንቡሼ ትራሷን ነክሳ አለቀሰች። ተጸጸተች ወይ? ኧረ በጭራሽ!

ሴሚስተሩ ሲጀመር ቦሱ ላብራቶሪ መጣና እንደለመደው ኪቦርዱን ወደ እሷ ገፋው። እሷም መልሳ ገፋችለት።

"አንተ ጻፍ።"

"አልችልም እኮ!"

"አውቃለሁ። ፈታኞቹም ያውቃሉ። ጻፍ።"

በአንድ ጣቱ ጻፈ፣ አጠፋ፣ ደግሞ ጻፈ። "እዚህ ጋ ምንድነው የሚገባው?"

"አስብ።"

"ብትነግሪኝ ምን አለበት? ትችያለሽ አይደል?"

"አዎ" አለችው፣ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ለጠጥ ብላ። "በደንብ እችላለሁ።"