የመዝገቡ ዘጠነኛ ስም

«ስምንተኛ፣ የመዝገቡ ጸሐፊ ራሱ» ብሎ አነበበና አራሚው መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ገፋ። «ዘጠነኛ...»

የስፌት መኪናዋ ቀጥ አለች።

«ዘጠነኛውን አውጣው» አለች እህቱ።

«ምኑን?»

«ስሜን ነዋ። ከዝርዝሩ አውጣው።»

አራሚው ማተሚያ ቤት ገብቶ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ስህተት ሲለቅም ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «አራት ነጥብ» ይሉት ነበር፤ አንዲት ነጥብ ከጎደለች ምሳ አይበላም። የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያናቸው በመጪው እሑድ አርባኛ ዓመቷን ስለምታከብር፣ የጉባኤውን ታሪክ በመጽሐፍ እንዲያዘጋጅ አደራ የተሰጠው ለእሱ ነበር። ስድስት ወር ለፍቶበታል። የቀረው ይህ የመጀመሪያዎቹ ተጠማቂዎች ዝርዝር ያለበት ገጽ ብቻ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ ይጠብቀዋል። ከዘጠኙ በሕይወት ያሉት ሁለት ናቸው፤ እህቱና አንድ ሽማግሌ ብረት በያጅ። ለዚህ ነው ገጹን ይዞ ጠዋት እህቱ ቤት የመጣው።

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። የፊት ክፍሏ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነጭ በነጭ ሆኗል፤ እሑድ ለሚጠመቁት አምስት ሰዎች ቀሚስ እየሰፋች ነው። ቀሚሱ ውሃ ውስጥ እንዳይንሳፈፍ በጠርዙ አራት አራት ሮንዴላ፣ ማለትም ከብሎን ሥር የምትገባዋን ክብ ብረት፣ ትሰፋበታለች። ዘዴው የራሷ ነው። በሁለተኛው ዓመት አንዲት ወይዘሮ ገንዳው ውስጥ ስትገባ ቀሚሷ እንደ ጃንጥላ ተነፍቶ፣ ጉባኤው በሙሉ መዝሙሩን ትቶ ጣሪያ ጣሪያውን ካየ ወዲህ የመጣ ነው። ብረቱን የሚልከው በያጁ ነው። ዛሬም ለአምስት ቀሚስ ሃያ አራት ልኮላታል። «ይኼ ሰውዬ እኮ ዛሬም መቁጠር አልገባውም» ብላ አራቱን ትርፍ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ መስኮቱ ላይ ካለው አሮጌ የወተት ጣሳ ውስጥ ጥላዋለች።

«እትዬ፣ ቀልድሽን ተይና ላንብብ» አለ አራሚው።

«አልተጠመቅኩም።»

«እ?»

«አልተጠመቅኩም አልኩህ። አማርኛ ነው የተናገርኩት።»

ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። እህቱ ዓይኗን ከጨርቁ ላይ ሳታነሳ ነገረችው። ገንዳው ያኔ የብረት ነበር፤ በያጁ ራሱ የሠራው፤ ጉባኤው ይሰበሰብበት በነበረው በአናጢው ሱቅ መሐል የቆመ። ስምንት ሰው ተጠመቀ። ስምንተኛው እንደ ወጣ ብየዳው ተከፈተና ውሃው የእንጨት ብናኙን ይዞ በበሩ መንገድ ወጣ። ሁሉም ሳንቃ ለማትረፍ ሲሯሯጥ እሷ ተራዋን ቆማ ጠበቀች።

«ውሃው ቁርጭምጭሚት ላይ ሲደርስ መጋቢው ‘አንቺ ለሚቀጥለው እሑድ’ አሉኝ። እኔ ምን አልኩ መሰለህ? ‘ተመስገን’ ነው ያልኩት። በሆዴ።»

አራሚው ለምን እንዲያ እንዳለች አልጠፋውም። በዘጠኝ ዓመቷ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ በገመድ ነው የወጣችው። እስከ ዛሬ ፊቷን የምታጥበው ፎጣ አርጥባ ነው።

«እና መዝገቡ ላይ ማን ጻፈሽ?»

«ጸሐፊው። እሱም ተጠማቂ ስለነበር ‘በእርጥብ እጄ መዝገብ አላበላሽም’ ብሎ ዘጠኛችንንም በዋዜማው ጽፎ ጨርሷል።»

አራሚው ራሱን ነቀነቀ። በሥራ ዘመኑ ብዙ ስህተት አይቷል፤ እጅ እንዳይረጥብ ተብሎ ከነገሩ ቀድሞ የተጻፈ ታሪክ ግን ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

«መጋቢው በሳምንቱ ታመሙ፤ ሌላ መጡ» አለች። «‘ፎጣ ያዥልን’ ተባልኩ፤ ያዝኩ። ‘ቀሚስ ስፊልን’ ተባልኩ፤ ሰፋሁ። የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። በየጥምቀቱ ‘የዛሬውስ አያልፈኝም’ እላለሁ፤ ገንዳው ጋ ደርሼ ፎጣዬን ይዤ እመለሳለሁ።»

«እኔን ገፍተሽ ያስገባሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ!»

«ሰው መግፋትማ ምን ይከብዳል?»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

«እሑድ እኔንና በያጁን መድረክ ላይ አቁመው ሊያጨበጭቡልን ነው» አለች። «በውሸት አላስጨበጭብም። ወይ ስሜን አውጣ፣ ወይ እኔ አልመጣም።»

እንደማትመጣ ያውቃል። ስሟን ቢያወጣ ደግሞ ጥያቄው አይቀርም፤ በእነሱ ደንብ ሳይጠመቅ አባል የሚሆን የለም። አርባ ዓመት እጇን አውጥታ ድምፅ የሰጠችበት፣ የታመመ የጠየቀችበት፣ ሙሽራ ያለበሰችበት ቤት ውስጥ እንግዳ ልትሆን ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ በዚህችው የስፌት መኪና ያሳደገችው እሷ ናት። በጉባኤው ፊት እንድታፍር አልፈለገም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ በያጁ ሄደ። ምናልባት ተሳስታ ይሆናል ብሎ ነው፤ ምናልባት ገብታ ረስታው።

በያጁ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ልጆቹ «ተቀመጥ» ቢሉትም ሱቁ ካልዋለ ያመዋል። የመስኮት ፍርግርግ እየበየደ ነበር።

«ጋሼ፣ የዚያን ቀን ገንዳው ፈስሶ ነበር እንዴ?»

ሽማግሌው መከላከያውን ከፊቱ ላይ አነሳ። «ማን ነገረህ?»

«እትዬ።»

በያጁ እሳቱን አጠፋና የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። «ሰው ሁሉ አዝኖልኝ አርባ ዓመት ዝም ብሎኛል። አሁን አንተ መጽሐፍ ላይ ልታወጣኝ ነው?»

«እሷ አልተጠመቅኩም እያለችኝ ነው። እውነት ነው?»

ሽማግሌው ጓንቱን አንዱን አወለቀ፤ ሌላውን ረሳው።

«እኔ ሦስተኛ ነበርኩ። ከጸጉሬ ገና ውሃ ይንጠባጠባል። የከዳት የእኔ ብየዳ ነው። ጫማዋን አውልቃ ተራ ስትጠብቅ አየኋት። ኋላ ደግሞ ጫማዋን መልሳ ስታጠልቅ አየሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ጥምቀት አላመለጠኝም፤ አንድም ቀን ስትገባ አላየኋትም።»

«ታዲያ እንዴት አይናገሩም?»

«ምን ብዬ? ‘እህቴ፣ እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ’ ልበላት? አፈርኩ። ሮንዴላውን ግን ልኬያለሁ።»

«የቱን ሮንዴላ?»

«የእሷን ነዋ! በየጥምቀቱ የአንድ ሰው ጨምሬ እልካለሁ። አራት። አሰፋፏን የምታውቅ ሴት መቼም ይገባታል ብዬ።»

አራሚው ቢያፍርም እውነቱን ተናገረ። «ጋሼ፣ መቁጠር የማይችሉ ነው የሚመስላት።»

በያጁ ሣጥኑ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን በጓንቱ ጠረገና ፊቱን ጥላሸት አደረገው። «ውሃው ሙቅ ነው በላት» አለ። «እኔ እስካለሁ ገንዳው አይቀዘቅዝም።»

አራሚው ሲመለስ ቀሚሶቹ አምስቱም አልቀው ተሰቅለዋል። እህቱ የተቆራረጠ ክር ከወለሉ ላይ እየለቀመች ነበር። የሰማውን ሁሉ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ነገራት። ስለ ጫማው ሲነግራት እጇ ክሩ ላይ ቀረ። ስለ አራቱ ሮንዴላ ሲነግራት ግን ተነስታ ጣሳውን አወረደችና መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ገለበጠችው። ብረቱ እየተንኳኳ ተከመረ።

«ደደብ!» አለች። «እኔን ነው፤ እሱን አይደለም።» ወዲያው አለቀሰች፤ ፊቷን ሳትሸፍን፣ ሳትቸኩል። ወንድሟ አጠገቧ ቆሞ ጀርባዋን ያሻሽ ነበር። ትንሽ ሆኖ ሲወድቅ እሷ እንደዚያ ታደርገው ነበር።

«ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል» አለ በመጨረሻ፣ በቀስታ። «ምን ላድርገው?»

አፍንጫዋን በፎጣ ጠረገች። «ስሜን አውጣ። ቁጥሩን ግን እንዳትነካ።»

«ባዶ መስመር ይታተም?»

«ባዶውን ይታተም። በኋላ በእጅ ይጻፍበታል። መጀመሪያ ነገሩ ይሁን፤ ከዚያ ይጻፍ።»

በሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ባዶ መስመር ከእጁ አልፎ አያውቅም። መነጽሩን አስተካከለ፤ ስሟን በአንድ መስመር ሰረዘው፤ ቁጥር ዘጠኝን እንዳለ ተወው። ቀና ሲል እህቱ ከጥቅሉ ነጭ ጨርቅ እየሳበች ነበር። የሜትር ገመዷን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው።

«ና፣ ትከሻዬን ለካልኝ።»

የጉባኤውን ሰው ሁሉ የለካች ሴት ናት፤ እሷን ግን ማንም ለክቷት አያውቅም። ለካ፤ ተሳስቶም ደግሞ ለካ።

«እንዳትሸሺ ስምንት ሮንዴላ አድርጊበት» አላት።

«አራት ይበቃኛል።»

ክምሩን በጣቷ በተነችው። አዲሶቹን፣ የሚያብረቀርቁትን፣ ወደ ጎን ገፋች። ከጣሳው ሥር የነበሩትን፣ በያጁ መጀመሪያ የላካቸውን፣ ዝገት ያቀላቸውን አራቱን መረጠችና ጠርዙ ላይ ደረደረቻቸው።

«እትዬ፣ ዝገቱ ነጩን ያበላሸዋል እኮ።»

«ያበላሸው» አለችና መርፌዋ ላይ ክር አስገባች።