አደይ አለፈች

ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ወረድ ብሎ ብስክሌት የሚጠግነውን ገነነን ስሙን የቀማው አንድ ፊደል ነው። የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ፣ ለትምህርት ቤቶች የብስክሌት ማጣሪያ ተመዘገበ። ዝርዝሩን የጻፈው የክፍል አለቃው ወንዳወቅ «ገነነ»ን «ገነት» አድርጎ ጻፈው። ገነነ የተዋሰውን ብስክሌት ጎማ ነፍቶ መነሻው ላይ ሲቆም ኮሚቴው ወረቀቱን አየና፣ «ገነት ሴት ናት፤ ከወንድ ጋር አትወዳደርም» አለ።

«እኔ ነኝ እኮ።»

«አንተማ ዝርዝሩ ላይ የለህም።»

ወንዳወቅ እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ ሳቀ። ውድድሩ ሄደ፣ ገነነ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ከተማው በሙሉ «ገነት» አለው። ዛሬ ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ ሁሉ «ጋሽ ገነት» ይለዋል፤ ጋሽ የተጨመረችው ለአክብሮት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ። ወንዳወቅ ግን የወጋም ሆኖ አልረሳም፤ ባገኘው ቁጥር «ገነቴ፣ እንደምን አለሽ?» ይላል።

ያ ወንዳወቅ ዲግሪ በዲግሪ ላይ ደራርቦ የኮሌጁ የስፖርት ክበብ ኃላፊ ሆነ። ዘንድሮ ኮሌጆች በሴቶች የቡድን ብስክሌት ይወዳደራሉ ሲባል ደግሞ የመራጭ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆነ። ቡድኑ አራት ልጆች ይፈልጋል። ለአራት ቦታ የቀረቡት ስድስት ልጆች ናቸው፤ ከስድስቱ አራቱን ለመምረጥ የተቀመጠው ኮሚቴ ዘጠኝ ሰው ነው። ከስድስቱ አንዷ የገነነ ልጅ አደይ ናት። የምትነዳው አባቷ ከሦስት ሙት ብስክሌት ያስነሳላትን አንድ ብስክሌት ነው። ገነነ ከዚህ ዓለም የቀረው ምኞት አንድ ነው፦ ከአራቱ ስም አንዱ የእሷ እንዲሆን። በዚያ ዝርዝር፣ በዚያ ሰውዬ እጅ።

የመጀመሪያው ማጣሪያ በኮሌጁ ግቢ ዙሪያ ተደረገና አደይ ሁለተኛ ወጣች። ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ «ይህ ለማሟሟቂያ ያህል ነው» አለ። ሁለተኛው ከፍኖተ ሰላም ጅጋ ደርሶ መልስ ነበር፤ አደይ አንደኛ ወጣች። ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ «ንፋስ ከኋላዋ ነበረ» አለ። ሲሄዱም ሲመለሱም ንፋሱ እንዴት ከኋላዋ እንደሆነ የጠየቀ ሰው የለም። ነገሩ ወዲህ ነው፤ የወንዳወቅ የእህቱ ልጅ ውዳሴ ሁለቱንም ጊዜ አምስተኛ ወጥታለች። ስለዚህ ሦስተኛ ማጣሪያ ተቆረጠ፤ ከጅጋ ተነስቶ ፍኖተ ሰላምንና ማንኩሳን አልፎ ቡሬ።

«ጠላ እንኳ ሦስቴ አይጠለል» አለ ገነነ።

«አትፍራ አባየ፣ ነገም እንደ ትናንት ነው» አለች አደይ።

«እሱን አይደል የምፈራው።»

በቀኑ ለብልሽት ጠጋኝ አስፈለገና ገነነ ከኮሚቴው ፒክአፕ ኋላ ከሁለት መለዋወጫ ጎማና ከአንድ ፓምፕ ጋር ተጫነ። ኮሚቴው ጋቢናውን ተጣቦ ሞላው፤ የተረፉት በሌላ መኪና ቀድመው ቡሬ ወረዱ፤ ምሳ ማዘዝም ሥራ ነው። ፍኖተ ሰላም አደባባይ ላይ ፒክአፑ ቆሞ ሲጠብቅ አደይ የብስክሌቷ ካቴና እየዘመረላት ብቻዋን መጣች፤ ሳትዞር እልም አለች። ሌሎቹ ከታች ገና ዳገቱን ይቆጥራሉ።

ገነነ ማንኩሳ መንገድ ዳር ለምትኖረው ታላቅ እህቱ ለአልጣሽ ደወለ። ዘመድ ወጥቶ እንዲያጨበጭብላት ነው ሐሳቡ።

«ሄሎ፣ እታለም! አደይ አለፈች!»

«ምን አልህ?»

«አለፈች! አሁን፣ ዓይኔ እያየ! ሰው ሰብስቢና መንገድ ዳር…»

ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። ገነነ ኪሱ ከተተው። እህቴ ብልህ ናት፣ ይህ ይበቃታል አለ በሆዱ።

ኮሚቴው ሻይ ጠጣ። ሻዩ ላይ ሁለተኛ ሻይ ደገመ። ከዚያ ተነስቶ ልጆቹን አንድ በአንድ እያለፈ ሄደ። ማንኩሳ ሊደረስ ትንሽ ሲቀር አደይን አገኟት፤ ዳገቱን ጎንበስ ብላ ትፈጫለች። ገነነ ከላይ ሆኖ ባርኔጣውን አወዛወዘላት። መኪናው ኩርባውን ዞረ፣ እሷ ከኋላ ቀረች።

ማንኩሳ ሲገቡ መንገዱ በሰው ተዘግቷል። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረት ይመታሉ፤ ወንዶች ራሳቸውን ይዘው ቆመዋል። ለቅሶ ጥሶ የሚሄድ ሹፌር ጎጃም ገና አልወለደችም፤ ፒክአፑ ቆመ።

«ማን አርፎ ነው?» አለ ወንዳወቅ በመስኮት።

«አደይ የምትባል ተማሪ» አለች አንዲት ሴት። «ብስክሌት ላይ ሳለች ነው አሉ። ወይ ጉድ፣ ለጋ ልጅ።»

ገነነ ሰማ። አሁን፣ ከኩርባው ወዲያ፣ በሕይወት አይቷት ነበር። ከኋላችን የጭነት መኪና አግኝቷታል፣ ወሬ ከመኪና ይቀድማል አለ ልቡ። ከፒክአፑ ላይ ወረደ ከማለት ወደቀ ማለት ይቀላል፤ ፓምፑም አብሮት ወደቀ። አልጣሽ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ወንድሜን፣ ምነው እንዲህ በስልክ ታረዳኛለህ!»

ምን እንደምትል አልገባውም። እሱም ጮኸ። መርዶውን የላከው ራሱ እንደሆነ ሳያውቅ በገዛ መርዶው አለቀሰ።

ወንዳወቅ ሕዝብ ሲያይ ዝም ማለት አይችልም። መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ካበሰ በኋላ የፒክአፑ ጠርዝ ላይ ወጣ።

«ወገኖቼ፣ እንደ አደይ ያለ ልጅ ኮሌጃችን አልነበረውም። አንደኛ ነበረች። ሁልጊዜም አንደኛ!»

ገነነ በለቅሶው መሃል ጆሮው ቆመ። ትናንት ያስቀደማት ንፋስ ነበር።

«ስሟ ከቡድናችን አይፋቅም። ሰው ቢተካም ስሟ ከላይ ይኖራል!»

የማንኩሳው የቅኔ መምህር የኔታ ወልደ ሥላሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። «በእግዜር ፊት ነው?»

«በእግዜር ፊት፣ የኔታ። ይኸው!»

ዝርዝሩን ከቦርሳው አወጣ፤ ለካ ከማጣሪያው በፊት ተጽፎ ያደረ ነው፣ ከላይ ውዳሴ አለች። ውዳሴን ሰረዘና አደይን ጻፈ። ፈረመ። ማኅተሙን እንደ ጉልበተኛ በፒክአፑ ኮፈን ላይ ደቃው፣ ወረቀቱንም «ለጸሎት ያስቡልን» ብሎ ለየኔታ ሰጠ። ሕዝቡ አመሰገነው፤ እንዲህ ያለ አለቃ ይብዛልን አለ።

አደይ የደረሰችው ይኼኔ ነው። ለቅሶ ስታይ እንደ አገሯ ወግ ወረደች፣ ብስክሌቷን አጥር ላይ አስደገፈች፣ ፊቷን አጨፍግጋ ከሴቶቹ ኋላ ቆመች።

«ማን አርፎ ነው እናቴ?»

«አደይ የገነነ ልጅ» አለች ከፊቷ ያለችው ሳትዞር። «ታውቂያታለሽ?»

አደይ ትንሽ አሰበች። «አዎን፣ በመልክ።»

አልጣሽ ቀና ስትል አየቻት። ሙሾው እንደተከፈተ ቀረ። ገነነ ልጁን በሁለት እጁ ያዛት፤ ትከሻዋን፣ ፊቷን፣ ጉልበቷን ዳሰሰ፣ የተሰበረ ብስክሌት እንደሚፈትሽ ሁሉ።

«እታለም፣ ማን ነው ሞተች ያለሽ?»

«አንተ! አለፈች አላልህም? ሰው ሰብስቢ አላልህም?»

የኔታ ወልደ ሥላሴ መጀመሪያ ሳቁ። «ልማዳችን ነው፤ ወርቁን ስንቆፍር ሰሙን ረገጥነው። ሰውዬው አለፈች አለ፤ አልፋለች። በቃ።»

በዚህ መሃል ሦስት ልጆች ደርሰው ወረዱ። አምስተኛዋ ውዳሴ ግን ደወሏን እያቃጨለች ለቅሶውን በመሃል ሰንጥቃ ወደ ቡሬ ነጎደች።

«ይች የማን ልጅ ናት?» አሉ ሴቶቹ።

ወንዳወቅ ደመና ያይ ጀመር። የእህቱ ልጅ ከዓይን ስትርቅ ወደ ምድር ተመለሰ።

«እንግዲህ ደስ ይላል፤ እግዜር ይመስገን። የኔታ፣ ወረቀቱን ይመልሱልኛ። ማጣሪያው ገና አላለቀም፤ ቡሬ ቀድማ የምትገባው ሌላ ትሆናለች።»

«ምለህ አልነበረም ልጄ?»

«እሱማ ለሟች ነበር።»

«ለሟች ያልነፈግኸውን ለቆመች ትነፍጋታለህ?» አሉ የኔታ። ሕዝቡ አንድ እርምጃ ቀረበ። ለቅሶ የወጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፤ ቢያንስ ፍርድ ይዞ ይገባል። የኔታ ወረቀቱን ለገነነ ሰጡት። «አንብበው እስኪ፣ ያንተ ነው።»

ገነነ አነበበ። ከላይ፣ በወፍራም እስክሪብቶ፣ ማኅተሙ ግማሹን ነክቶት፦ «፩ኛ አደይ ገነት»።

ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አፉ ውስጥ የኖረው ስድብ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። አደይ በትከሻው አሻግራ አየችና ጆሮው ስር፣ «አባየ፣ ስምህን» አለች።

ወንዳወቅም አየ። ፊቱ በራ። እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ መዘዘ።

«ስህተት አለበት እንዴ? ችግር የለም፣ ይታረማል። ወረቀቱን ወዲህ ስጠኝ፤ ኮሚቴው ይሰበሰብና…»

የገነነ ዓይን እስክሪብቶው ላይ አረፈ። ያኔም እንዲሁ ደረት ኪስ ውስጥ ነበር። ወረቀቱን ለሁለት አጠፈው፣ ለአራት አጠፈው፣ ከሞተው ስልክ ጋር ኪሱ ከተተው።

«ስህተት የለበትም» አለ። «ገነት እኔ ነኝ።»

ከዚያ የወደቀውን ፓምፕ አነሳና የልጁን የኋላ ጎማ ሊነፋ ጎንበስ አለ።