አንድ ዙር ተኩል

በጭነት ሰፈር "ባለ ሦስቱ" ይሉታል፤ ሦስት የጭነት መኪና ስላለው ነው። ስሙን ይወደዋል። መኪናዎቹ ዕድሜያቸው ከትዳሩ ይበልጣል፤ ሞተሮቻቸው ግን ሁለት ሁለቴ ተፈትተው እንደገና የተሠሩ ናቸው። የሠሯቸውም አንድ ሰው ናቸው፤ የሰፈሩ ሾፌር ሁሉ "ሐኪሙ" የሚላቸው መካኒክ። ሐኪሙ ሞተር ሲያድሱ ሬዲዮ ያዘጋሉ፣ ወሬ ያስቆማሉ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጣሉ። ባለ ሦስቱ የመጀመሪያ መኪናውን የገዛው በእሳቸው ምክር ነበር።

የጭስ ሕጉ የተቀየረ ዕለት ባለ ሦስቱ ምግብ አልወርድ አለው። አዲሱ ሕግ አሮጌ ሞተርን ከመንገድ ያስወጣል። የተወው ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው፤ ሞተሩን ያደሰ ወይም የመረመረ መካኒክ "ከተፈቀደው በላይ አያጨስም፣ ኃላፊነቱ የእኔ ነው" ብሎ ከፈረመ መኪናው ይሠራል። መካኒኩ የናፍጣውን መጠን የሚወስነውን የፓምፕ ብሎን በልኩ ያደርግና በቀጭን ሽቦ ጠፍሮ ያትምበታል። ባለመኪናው ማኅተሙን ከነካ የታደሱ ሞተሮቹ ሁሉ ፈቃድ ይሰረዛል። ጥፋቱ የመካኒኩ ከሆነ ደግሞ መካኒኩ ማተሚያውን ይነጠቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሞተር አያድስም። ሌሎቹ መካኒኮች ሲያቅማሙ ሐኪሙ ለሦስቱም መኪናዎች ፈረሙለት።

"የሠራሁትን አውቃለሁ፤ አንተንም አውቅሃለሁ" አሉት።

እንግዲህ ባለ ሦስቱ የሚያናድደው እዚህ ላይ ነው። መኪናው ደህና ይሄድ ነበር፤ ጭሱም ልክ ነበር። ብቻ አንድ ቀን ሾፌሩ ታመመበትና ራሱ ሲሚንቶ ጭኖ ዳገት ሲወጣ፣ አንድ የዳቦ ማመላለሻ ከኋላ መጥቶ አለፈው። ማለፉስ ይለፍ፤ የዳቦው ሾፌር እጁን በመስኮት አውጥቶ "አይዞህ" አለው። ይቺ አይዞህ አንጀቱን አሳረረችው። ዳገቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ መኪናውን አቆመ፣ ፒንሳና ካቻቪቴ አወጣ፣ ሽቦውን ቆርጦ ናፍጣው እንዲበዛለት ብሎኑን አንድ ዙር ተኩል አዞረው። ከዚያ ሽቦውን መልሶ ቋጠረው፤ ለሚያየው ሰው የጫማ ክር ይመስል ነበር።

ሾፌሩ ስላልዳነለት ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሱ ያን ዳገት እየፎከረ ወጣው። በአራተኛው ሳምንት የጭስ ተቆጣጣሪዎች መንገድ ላይ አስቆሙት፣ መለኪያቸውን የጭስ ማውጫው ውስጥ ከተቱ፣ ቁጥሩን አይተው እርስ በርስ ተያዩ። መኪናው ታሰረ። በማግስቱ ጠዋት ባለ ሦስቱና ሐኪሙ አብረው ተቆጣጣሪዎቹ ቢሮ ተጠሩ።

ሐኪሙ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው መጡ፤ የጥፍራቸው ሥር ጥቁር ግን እንዳለ ነበር። ተቆጣጣሪዋ ወጣት ናት። የሽቦውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"ይህን የነካው ማነው?" አለች።

ባለ ሦስቱ አፉን ከፈተ። እኔ ነኝ ሊል ነበር፤ በውነቱ ሊል ነበር። ግን ሦስቱ መኪናዎች ግቢው ውስጥ እንደተሰለፉ ታዩት፤ ሚስቱ ታየችው፤ ስሙም ታየው። አፉን መልሶ ገጠመ። ዓይኑን ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት ላከው።

ሐኪሙ ፎቶውን አንስተው ለረጅም ጊዜ አዩት። እሳቸው ሽቦ እንደዚያ እንደማይቋጥሩ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ቀና ብለው ባለ ሦስቱን አዩትና ጠበቁት። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለው ያ መጠበቃቸው ነው። አልተቆጡም፣ ፊታቸውንም አልቋጠሩም፤ ይናገራል ብለው ብቻ ጠበቁት።

"እርጅና ነው፣ ልጄ" አሏት በመጨረሻ። "እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሳላጠብቀው ቀርቼ ይሆናል።"

ማተሚያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ፎቶው አጠገብ አስቀመጡት። ባለ ሦስቱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። መሬት ግን አልተከፈተችም፤ እሱም ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ጋራዡ ሄደ። ሐኪሙ ቁልፎቻቸውን አንድ በአንድ እየወለወሉ ጨርቅ ላይ ይደረድራሉ። አጠገባቸው ግማሹ የተፈታ ሞተር ተቀምጧል፤ ባለቤቱ መጥቶ እንዲወስደው ደውለውለታል።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለ በሩ ላይ ቆሞ።

"ስንት ዙር አዞርከው?"

"አንድ ዙር ተኩል።"

"አንድ ተኩል" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ፒስተኑን ልታቀልጠው ነበር እኮ። አቅም ካነሰው ለምን ለእኔ አላመጣኸውም?"

"አፈርኩ፣ ጋሼ።"

"ያን ጊዜ ነው ያፈርከው፣ ወይስ ዛሬ?"

ሐኪሙ የያዙትን ቁልፍ ወልውለው ጨረሱና ቦታው አኖሩት።

"በኔ በኩል ይቅር ብዬሃለሁ" አሉ። "ለእኔ ግን የነገርከኝ የማውቀውን ነው። ያላወቀችው ያቺ ቢሮ ያለችው ልጅ ናት። እኔ ከዚህ ሌላ ሥራ አላውቅም። ሂድና ለሷ ንገራት።"

"ነገ ጠዋት እነግራታለሁ" አለ። ሲለው ከልቡ ነበር።

በማግስቱ ቢሮው ሳይከፈት ደረሰ። መንገዱን ሁሉ ሲለማመደው ነበር፤ "ማኅተሙን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።" አራት ቃል ናት። ይህን ለማለት ሰው መለማመድ አያስፈልገውም፤ እሱ ግን ተለማመደ። ተቆጣጣሪዋ ስታየው ፈገግ ብላ ወንበር ሳበችለት።

"ትናንት በጣም አሳዘኑኝ" አለችው። "ሰው አምነው ያለ ጥፋትዎ መኪናዎ ታሰረ። አሁን ለሦስቱም ሌላ መካኒክ መፈረም አለበት። እኛ የምናምናቸው እነዚህ ናቸው።"

የስም ዝርዝር ያለበት ወረቀት ዘረጋችለት። አራቱ ቃላት ምላሱ ላይ ነበሩ። እጁ ቀድሞ ወረቀቱን ተቀበለ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አላት።

"ሽማግሌው እኮ ደህና ሰው ይመስሉ ነበር" አለች።

"ምን ይደረግ፣ ሰው አይታወቅም" አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።