ያልደረቀው ጀልባ

ሸዋወርቅ ከደንገል ጀልባው ውስጥ ውሃውን በቅል እየጨለፈች ወደ ሐይቁ ትመልሳለች። ዝናቡ ግን ይቀድማታል።

"ይተዉት፣ እትዬ" አለ ቀዛፊው ሰንበታ። "ላይ ያለው አይደለም የሚያሰምጠን። ደንገሉ ውስጥ የገባው ነው።"

"እና እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?"

"ደንገል እንደ እኔ ነው፤ አንዴ ከጠጣ አይነሳም።"

ሊያስቃት ፈልጎ ነበር። አልሳቀችም።

የደንገል ጀልባ ተሻግሮ ሲመለስ ከውሃ ወጥቶ ዳር ላይ ይቆማል፤ እስኪደርቅ ፀሐይ ይመታዋል። ይህን የደሴቱ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ትናንት ግን ሸዋወርቅ የታመመ ልጇን ሐዲስን ልታስታምም ከደሴቱ ተሻግራ መጥታ፣ ጀልባው ገና ዳር ሲነካ፣ ከልጇ ቤት በኩል ለቅሶ ሰማች። ዘልላ ወርዳ ሮጠች። ሰንበታም ተከትሏት ሮጠ። ጀልባውን ያሰበው የለም፤ ውሃ ውስጥ አደረ።

ሐዲስ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ጭነት ሲያወርድ ከርሞ፣ ወባ ይዞት ነበር የተመለሰው። አሁን በሰሌን ተጠቅልሎ በጀልባው መሐል ተጋድሟል፤ እንዳይንሸራተት በገመድ ታስሯል። እናቱ ደሴቱ ላይ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ አባቱ አጠገብ ልትቀብረው ነው። በእግሩ በኩል ሚስቱ አረጋሽ ተቀምጣለች። የመውለጃዋ ወር ገብቷል። ቅሪ ቢሏት እምቢ ብላ ነው የተሳፈረችው።

መጀመሪያ ለንፍሮ የያዙት ስንዴ ወደ ሐይቁ ተጣለ። ቀጥሎ የአረጋሽ ጓዝ ሄደ። ጀልባው ትንሽ ቀና ብሎ እንደገና ዝቅ አለ። ውሃው የአረጋሽን ጭን ሸፈነው።

"ወደ ኋላ ብንመለስስ?" አለች ሸዋወርቅ።

"መሐል ላይ ነን። ወደዚያም ወደዚህም ያው ነው።"

"ያደርሰናል?"

ሰንበታ መቅዘፉን ሳያቆም ፊቱን አዞረ። "አራታችንን አይችልም።"

ሸዋወርቅ መቀነቷን አጠበቀች። "እንግዲያው እኔ እወርዳለሁ። እኔ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ።"

"እርስዎ ይውረዱና ምጧ ሲመጣ ማን ይይዛታል? እኔ ነኝ የማዋልዳት?"

አረጋሽ እናት የላትም። ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ ትንቀጠቀጣለች። ሸዋወርቅ አየቻት። ከዚያ ሰሌኑን አየችው። ዝናቡ ጫፉን ገልጦት የልጇ ተረከዝ ይታያል። ጎንበስ ብላ ሸፈነችው።

ከዚያም ገመዱን ፍለጋ እጇን ሰደደች። ቋጠሮው ርሶ ጠብቋል፤ በጣቷ እምቢ አላት። በጥርሷ ያዘችው።

"እማዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አለች አረጋሽ። "አባቱ አጠገብ ብለው አልነበር?"

"ብዬ ነበር።"

"እኮ፣ ታዲያ..."

"ሆድሽ ውስጥ ያለውንስ? እሱንም አባቱ አጠገብ ላጋድመው?"

 አረጋሽ ወደ ፊት ተስባ ግንባሯን ሰሌኑ ላይ ደፋች። ሸዋወርቅ ልታነሳት አልቸኮለችም። ሰንበታ ቆብ የለውም፤ ቢሆንም እንደሚያወልቅ ሰው እጁን ወደ ራሱ ሰደደና መለሰው።

ጀልባው በአንድ ጎኑ አዘነበለ።

ሸዋወርቅ የምራቷን ትከሻ ይዛ ቀና አደረገቻት፤ ገመዱን በጥርሷ ፈትታ ጨረሰችና ወደ ልጇ ራስጌ ዞረች።

"መቅዘፊያውን አስቀምጥ፣ ሰንበታ" አለች። "አንተ እግሩን ያዝ። ራሱን እኔ እይዛለሁ።"