ባልዲው ከቤት ይውጣ

የዳቦ ቤቱ ምድጃ የፈነዳ ቀን ጋጋሪዋ ሁለቱንም ቅንድቦቿን አጣች። ተመልሰው በቀሉ፤ የግራው ግን ትንሽ ከፍ ብሎ ስለበቀለ፣ ከዚያ ወዲህ የሰው ወሬ ሁሉ የሚገርማት ትመስላለች። ክንዷም ዳነ። አልድን ያለው ፍርሃቷ ነው። የምድጃ መለኮሻ "ጠቅ" ሲል ከሰማች፣ እግሯ ሳያማክራት ደጅ ያደርሳታል። አንድ ቀን ሰው እስክሪብቶ ሲጫን ሰምታ፣ ፎጣ እንዳነገተች መንገድ ተሻግራ ተገኝታለች።

ስለዚህ ከምድጃው ተነስታ ሽያጭ ላይ ተቀመጠች። ሌላ ሰው ቢሆን እሰየው ይል ነበር። እሷ ግን ሌላ ሰው የጋገረውን ዳቦ ባቀበለች ቁጥር ሆዷ ይባባል። ባለ ዳቦ ቤቱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቢሆንም የተጠገነውን ምድጃ እሳቸው እየለኮሱ ወገባቸው አለቀ።

"የኔ ልጅ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሻለሁ" አሏት። "ከዚያ በኋላ ሌላ ጋጋሪ እቀጥራለሁ። እንዳትቀየሚኝ።"

በነጋታው ጤና ጣቢያ ሄደች። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ከሚንጫጫ የአየር ማራገቢያ ጋር የምትሠራ ወጣት ናት። ታሪኩን በሙሉ ሰምታ ስታበቃ እንዲህ ስትል ጠየቀቻት፦

"ቤት ውስጥ ምድጃ የሚለኩሰው ማነው?"

"ማንም።"

"ታዲያ ምን ትበላላችሁ?"

"ቀዝቃዛ።"

"ሁላችሁም?"

"ባለቤቴ ሙቅ ነገር ድሮም አልወድም ይላል።"

ባለሙያዋ "በሚቀጥለው ሁሉንም ይዘሻቸው ነይ" አለቻት።

ባልዬው ልብስ ሰፊ ነው፤ ምላስ የሚልጥ ሾርባ ካልሆነ በላሁ የማይል ሰው ነበር። አማቷ ደግሞ ሻይ ጎረቤት አፍልተው፣ በሹራባቸው ሸፍነው፣ እንደ ኮንትሮባንድ በጓሮ ያስገባሉ። ሦስቱም ባለሙያዋ ክፍል ውስጥ ተጣበው ተቀመጡ።

"ሮጣ በወጣች ቁጥር ሰውነቷ 'የተረፍኩት ስለሮጥኩ ነው' ይላል" አለች ባለሙያዋ። "እናንተ ደግሞ መንገዱን ትጠርጉላታላችሁ። መጀመሪያ የምድጃው ቱቦ በሚያውቅ ሰው ይታይ። ከዚያ በየቀኑ ይለኮስ። እሷም አትወጣም። ፍርሃቱ ይመጣል፣ ከፍ ይላል፣ በኋላ ራሱ ይደክመዋል። ከአስር ስንት እንደደረሰ እየጠየቃችኋት እስኪወርድ መጠበቅ ነው።"

"በፍቅር ነው እኮ ልጄ" አሉ አማቷ ቅር ብሏቸው።

"አውቃለሁ እማማ። ፍቅሩ ይቀጥል፣ ቀዝቃዛው ይቅር።"

ቱቦው ታየ፤ ደህና ነው ተባለ። አማትየው ለኮሱ። ጋጋሪዋ የወንበሩን ጀርባ አንቃ ቆመች።

"ከአስር ስንት?" አሉ አማቷ። ጥያቄውን ወደውታል።

"ዘጠኝ።"

"እኔስ ስምንት ነኝ።"

"እኔ ስድስት" አለ ባልዬው ከበሩ በኩል፣ የጠየቀው ሳይኖር።

ሻዩ ሲፈላ አምስት ደርሳ ነበር። ትኩሱን ጠጡት። ባልዬው ምላሱ ተቃጠለ፤ ደስ ብሎት ድገሙኝ አለ።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ አምስት ላይ ተገትሮ ቀረ። ቢለኮስ ቢጠፋ፣ አምስት። ወሩ ደግሞ እያለቀ ነው። ባለሙያዋ ግራ ገባትና እያንዳንዱን ነገር ታጣራ ጀመር።

"ሲለኮስ ባልሽ የት ነው የሚቆመው?"

"በሩ ጋ። ባልዲ ይዞ።"

"ውሃ አለው?"

"እስከ አፉ።"

"በይ ባልዲው ከቤት ይውጣ። ዓይንሽ እሱን እያየ እንዴት አደጋ የለም ይበል?"

ባልዬው ሲነገረው ከፋው። "ግማሽ ውሃ ቢሆንስ?"

"ባዶም ቢሆን አይሆንም ብላለች" አለችው ሚስቱ።

እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው ባልዲውን ደጅ ድረስ አጅቦ፣ ለጎረቤት ሰጥቶ ተመለሰ። እጁን የሚያደርግበት አጥቶ ሽንኩርት መክተፍ ያዘ። በዚያው ሳምንት ጋጋሪዋ ሦስት ደረሰች፤ ቀጥሎም መለኮሻውን ከአማቷ እጅ ተቀብላ ራሷ ለኮሰች። አማትየው ሥራቸውን የተቀሙ ያህል አኮረፉ።

የቀረው የዳቦ ቤቱ ምድጃ ነው። የወሩ ማለቂያ ላይ ባለሙያዋ አብራት መጣች። ባለ ዳቦ ቤቱ ዱቄት ከረጢት ላይ ተቀመጡ። ጋጋሪዋ መለኮሻውን ተጫነችው። ጠቅ። እሳቱ በሰማያዊ መስመር ቦግ ሲል ጫማዋ ወደ በሩ ዞረ፤ እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

"ከአስር ስንት?"

"አስር።"

ባለ ዳቦ ቤቱ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

"እንቆያለን" አለች ባለሙያዋ።

ቆዩ። ላቧ በአንገቷ ወረደ። ስምንት አለች። ሊጥ አቡኪው ትሪ ተሸክሞ ገባና "ሊጡ ኩፍ ብሎ አልፎበታል፣ ስንት ደረሰች?" አለ።

"ስድስት" አሉ ባለ ዳቦ ቤቱ፣ የኳስ ውጤት እንደሚነግር ሰው በሹክሹክታ። "እየወረደች ነው።"

ጋጋሪዋ ዞር ስትል ዓይኗ ትሪው ላይ አረፈ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ዳቦ ነው።"

"ማነው ያድቦለቦለው?"

"እኔ።"

"በእጅህ ነው በክርንህ? ይሄ ጡጫ ያክላል፣ ይሄ ደግሞ አዝራር። አንድ ላይ ገብተው አንዱ ሲያር አንዱ ጥሬ ሊሆን? ስሄድ እንዲህ ነበር የተውኩህ?" ትሪውን ነጥቃ ትናንሾቹን ወደ ፊት፣ ትልልቆቹን ወደ ኋላ አደረገች፤ የምድጃውን በር ከፍታ፣ ሙቀቱ ፊቷን እየመታት፣ ትሪውን ወደ ውስጥ ገፋችው። "ደግሞ ጨው አሳንሰሃል፣ ከሽታው ያስታውቃል።"

"አሁንስ ከአስር ስንት ነው?" አለች ባለሙያዋ።

"ቆይ እስቲ እህቴ፣ መጀመሪያ ከዚህ ሰውዬ ጋር ልጨርስ።"

ባለ ዳቦ ቤቱ ከከረጢቱ ተነስተው፣ ሱሪያቸውን አራግፈው፣ ሌላ ጋጋሪ እንዳይመጣ ስልክ ሊደውሉ ወጡ። ሊጥ አቡኪውን ምድጃው ከፈነዳበት ቀን ጀምሮ እንዲህ የሰደበው ሰው አልነበረም፤ ፈገግታውን መደበቅ አቅቶት ሁለተኛውን ትሪ አቀበላት።

"በይ ይሄንንም እይልኝ" አለ። "ከዚያኛው ይብሳል።"